የፈጣሙ ዓሣ ጥርስ

ቡሬ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ ቢያድግልኝ ዘመኑ
ሃምቡርግ

ያለ ዘመድ ያለ ወገን በሰው አገር የጠበቀዎት አምላክ፣ ይህ ወረቀት ሲደርስዎም በጤና ያቆይዎት። ብርዱ እንዴት አድርጎዎታል? እኛ ደኅና ነን። ጤፉ ታጭዷል፤ በርበሬውም ተለቅሞ ደርቋል። አባቴ ደኅና ናቸው። እናቴ አምለሰት «ባያውቁኝም ሰላም በይልኝ» ብላለች።

እኔንም አያውቁኝም። ያምሮት እባላለሁ፤ የአጎትዎ ልጅ የደርበው ልጅ ነኝ። እርስዎ ከአገር ሲወጡ አባቴ ገና ጎጆ አልወጡም ነበር አሉ። በስልክ ዘመን ደብዳቤ መጻፌ አይግረምዎ። እዚህ ኢንተርኔት ከጠፋ ወራት አልፈዋል፤ ስልኩም ደስ ሲለው ይሠራል። ስለ መንገዱ የሚሰሙትን ሰምተዋል፤ እኔ አልጨምርበትም። ይህን ወረቀት የምሰጠው አዲስ አበባ የሚዘልቅ ሰው ስላገኘሁ ነው።

ቡሬ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ አስተምራለሁ። ሙያዬ የዓሣ ምደባ ነው፤ ዓሦችን በየቤተሰባቸው፣ በየወገናቸው፣ በየዝርያቸው መለየት። እኔ የደከምኩበት አንድ ቤተሰብ ነው፤ በሞቃት አገር ወንዞች የሚኖሩ «ጯሂዎች» የሚባሉ ዓሦች። ከውኃ ሲያወጧቸው የክንፋቸውን እሾህ ከመገጣጠሚያው ጋር እያፋጩ ሲጥ ሲጥ ይላሉ። ከእነሱ መካከል ጣት የሚያህል አንድ አለ፤ ከንፈሩ እንደ ጽዋ አፍ ክብ ሆኖ ድንጋይ ላይ ስለሚጣበቅ ጎርፍ አይወስደውም። ከፈጣም፣ ከብርና ከላህ ወንዞች ሰብስቤዋለሁ።

መጻሕፍቱ ሁሉ ይህን ዓሣ በናይል ወንዝ ከታወቀው ዝርያ ጋር አንድ ያደርጉታል። እኔ አንድ አይደለም እላለሁ። የናይሉ በታችኛው መንጋጋው ፊት ለፊት አሥራ ሁለት ጥርስ አለው፤ የእኛው ስምንት ነው። ጢሙም ያጥራል። አዲስ ዝርያ ነው ብዬ ጽፌ ወደ ውጭ አገር መጽሔት ላክሁ። የመጽሔቱ መርማሪዎች ግን ያላሰብኩትን አመጡብኝ። ከመቶ ዓመት በፊት አንድ መንገደኛ ከጎጃም ወንዝ ይህን የመሰለ ዓሣ ይዞ ሄዶ ስም ወጥቶለት ነበር። ኋላ የመጡ ሊቃውንት «ይህ የናይሉ ነው» ብለው ስሙን ሰረዙት። መርማሪዎቹም «ያንን አሮጌ ዓሣ አይተሻል? ጥርሱ አሥራ ሁለት ከሆነ እሱ በእርግጥ የናይሉ ነው፤ የአንቺው አዲስ ይሆናል። ስምንት ከሆነ ግን የአንቺው ዱሮውኑ ስም ነበረው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ያ ዓሣ ያለው እርስዎ በሚኖሩበት ከተማ፣ በቤተ መዘክሩ ውስጥ ነው። ቪዛ ብጠይቅ ተከለከልኩ። ዓሣው አርጅቶ በፖስታ አይላክም። ከንፈሩ ጥርሱን ስለሸፈነው ፎቶ ብቻውን አይበቃም፤ ሰው በማጉያ ሥር ገልጦ መቁጠር አለበት። ጠባቂዋ ወይዘሮ ኬለር ኢንተርኔቱ ሳይጠፋ «ጽሑፉ የአንቺ ነውና በራስሽ ወይም በወከልሽው ሰው ዓይን ይታይ» ብለው ጽፈውልኝ ነበር። እኔ ደግሞ በዚያ ከተማ ከእርስዎ በቀር ሰው የለኝም። ደፍሬያለሁና ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ጉልበትዎን ያጽናልኝ።

ያምሮት ደርበው


ሃምቡርግ፣ የካቲት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለያምሮት ደርበው

ቤታችሁን ሰላም፣ ደጃችሁን ጥጋብ ያድርገው። እናትሽን እጅ ነስቻለሁ በያት። ደርበውንም እንዲሁ።

እውነቱን ልንገርሽ። ከአገር ደብዳቤ ሲመጣልኝ መጨረሻውን አስቀድሜ ነው የማነብበው፤ ገንዘብ የሚጠየቀው እዚያ ነውና። የአንቺን ከመጨረሻው ብጀምር ጥርስ፣ ከንፈር፣ ወይዘሮ ኬለር አገኘሁ። ወንበር ስቤ ከመጀመሪያው አነበብኩት። ከዚያ ደግሜ አነበብኩት።

ሰው አልሳትሽም። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ወደብ መጋዘን ከመርከብ የሚወርድ የቡና ጆንያ ቆጣሪ ነበርኩ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በቢያድግልኝ ቆጠራ አንድ ጆንያ ጎደለ ተብሎ አያውቅም። ጀርመኖቹ ሲከራከሩ «ቢያድግልኝ ይጠየቅ» ይባባሉ ነበር።

የፋሲካ ልብሴን ለብሼ ሄድኩ። ወይዘሮ ኬለር ጸጉሯ የሸበተ፣ ረጋ ያለች ሴት ናት።

«ማንን ወክለው ነው የመጡት?» አለችኝ።

«ዶክተር ያምሮት ደርበውን፤ ከቡሬ» አልኳት።

ዶክተር ካልሆንሽ ይቅር በይኝ፤ ከአፌ አምልጧል። ሴትዮዋ ስምሽን ስትሰማ ፈገግ ብላ ቁልፍ አነሳች። ወደ ምድር ቤት ወረድን። መደርደሪያው ከወለል እስከ ጣሪያ ጠርሙስ ነው። የእኛውን አውጥታ በሳህን አኖረችው። እንደ አሮጌ የጫማ ቆዳ ጠቁሯል። ከእኔ ቀድሞ ከጎጃም የወጣና ያልተመለሰ ሰው ያገኘሁ መሰለኝ፤ ጥቂት ቆሜ አየሁት። እሷ በቀጭን መርፌ ከንፈሩን ገለጠችልኝ፤ እኔ በማጉያው ቆጠርኩ። አሥራ ሁለት ነው። የናይሉ ነው ማለት ነው። የአንቺው አዲስ ነው።

ወይዘሮዋ ያነሳቻቸውን ፎቶዎች አሳትሜ ከዚህ ጋር አድርጌልሻለሁ። እሑድ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ለአገር ልጆች ነገርኳቸው። አዳራሹ ተንጫጫ። ለካ ሰው በዓሣም ይኮራል። ስሙን በተመለከተ አንድ ነገር ልለምንሽ፦ የእኔና የደርበው አያት የሀብተሚካኤል ስም ይሁን። ዕድሜያቸውን ሙሉ በፈጣም ዳር ያረሱ ሰው ናቸው፤ ከፈጣም ዓሣ ጋር ስማቸው ቢነሳ ይገባቸዋል። ለአገር ልጆችም እንዲሁ ብዬ ተናግሬያለሁ።

እግዜር ያሳድግሽ።

ቢያድግልኝ ዘመኑ


ቡሬ፣ መጋቢት 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአያ ቢያድግልኝ

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ፤ ለብርሃነ ትንሣኤው በጤና ያድርስዎ። የላኩልኝ ሁሉ ደርሷል። ፎቶዎቹ እጥፋት እንኳ አልነካቸውም። ውለታዎን የምመልስበት ቃል የለኝም።

ዶክተር ገና አልሆንኩም። ይህ ጽሑፍ ሲወጣ ነው የምሆነው። ወይዘሮ ኬለር ቢጠይቁዎ «በመንገድ ላይ ናት» ይበሏቸው።

ደብዳቤዎን ለአባቴ አነበብኩላቸው። አባቴ እስከ ዛሬ ሥራዬን አይወዱትም ነበር። «የሰው ልጅ ሐኪም ይሆናል፣ ዳኛ ይሆናል፤ የእኔ ልጅ ጭቃ ውስጥ ቆማ ትውላለች» ይላሉ። የአያታቸው ስም ሲነሳ ግን ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡና «ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። በማግሥቱ ሰንበቴ ላይ አወሩት።

አሁን የምጽፈው ስለዚህ ነው የከበደኝ።

አያ፣ አሥራ ሁለት የሚለው ቁጥር ደስ አሰኝቶኛል። ደስ ስላሰኘኝ ደግሞ ፎቶውን ደጋግሜ አየሁት። ጥርሱ አይለይም፤ ጢሙ ግን ይታያል። አጭር ነው። የናይሉ ጢም ረዝሞ ከዓይኑ በታች ያልፋል፤ የዚህ ግን እንደ እኛው ዓሣ ከአፉ ጥግ ብዙ አይርቅም። ጢሙ የፈጣሙን፣ ጥርሱ የናይሉን የመሰለ ዓሣ እኔ አላየሁም። ስለዚህ እባክዎ አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ። እርስዎ ከቆጠሩ በኋላም ወይዘሮ ኬለር ለብቻቸው ይቁጠሩት። እርስዎን ማመን አቅቶኝ አይደለም። ሌላ ሰው የላከልኝ ቢሆንም ይህንኑ እጠይቅ ነበር።

አንድ ሌላም ልንገርዎ። አንድ የውጭ አገር ፕሮፌሰር መንገዱ ሳይበላሽ መልእክት ልኮልኝ ነበር። ዓሦቹን በሙሉ ወደ እሱ ከላክሁ ምደባውን እሱና ባልደረቦቹ ሠርተው ስሜን ከጸሐፊዎቹ ሦስተኛ አድርገው ያወጡታል፤ ለእኔም ትምህርት ያገኙልኛል። እንቢ ብያለሁ። በእነዚህ ወንዞች የቆምኩት እኔ ነኝ።

እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ያምሮት


ሃምቡርግ፣ ግንቦት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለያምሮት ደርበው

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደኅና ነኝ።

የቆጠርኩት ተቆጥሯል። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ጆንያውን ድገም ያለኝ አለቃ አልነበረም። አሁን ልጅ የሆነችው የወንድሜ ልጅ ድገም ትበለኝ?

የጠቀመሽን ቁጥር የምትገፊበት ምክንያት አልገባኝም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን። ፕሮፌሰሩንም እንቢ ማለትሽ ደግ አይደለም፤ ሦስተኛም ቢሆን ስም ነው። አስቢበት።

ቢያድግልኝ ዘመኑ


ቡሬ፣ ሐምሌ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ ቢያድግልኝ

ይህን ክረምት በደጅዎ ሰላም፣ በጎንዎ ጤና አድርጎ ያሳልፍልዎ። እዚህ ዝናቡ ጥሩ ነው። ፈጣም ሞልቶ ቀይ ሆኗል፤ እስከ ጥቅምት ማንም አይገባበትም። አባቴ በቆሎውን ኮትኩተው ጨርሰዋል። እናቴ ሰላም ትላለች።

ደብዳቤዎ አጭር ነበር። አስቀይሜዎት እንደሆነ ከሰላምታው አወቅሁ። ስላስቀየምኩዎት ይቅር ይበሉኝ፤ ጥያቄዬን ግን ልመልሰው አልችልም። ለምን እንደማልችል ልንገርዎ።

ደብዳቤዎ በደረሰ ሳምንት የክፍሌ ኃላፊ ጠሩኝ። ደግ ሰው ናቸው፤ ክፋት አስበው አይደለም።

«መርማሪዎቹ የሰጡሽ ጊዜ በጥቅምት ያልቃል አይደለም?» አሉኝ።

«ያልቃል።»

«ወኪልሽ አይቷል፣ ቆጥሯል፣ በጽሑፍ አረጋግጧል። ምን ቀረሽ?»

«አላመንኩበትም።»

«አንቺ ባታምኚበት ማን ሃምቡርግ ድረስ ሄዶ ሊቆጥር ነው?»

ያስፈራኝ ይኸው ነው፤ ማንም አይሄድም። የምጽፈው የዓሦች ቤተሰብ ምደባ ነው። ከእኔ በኋላ የሚመጣ ተማሪ በፈጣም፣ በብር፣ በተምጫ ዳር ቆሞ በእጁ የያዘውን ዓሣ የሚለየው በእኔ ጽሑፍ ነው። እኔ አንዱን ቤት ካጣመምኩ ቀሪው ሁሉ ተጣሞ ይሠራል። ያንን የመንገደኛውን ዓሣ ስሙን የሰረዙበት ሰዎች እኮ ጥርሱን ገልጠው ሳያዩ ነው የሰረዙት። እኔ እነሱን ልወቅስ ጽፌ እነሱን ልሁን?

አባቴም ተቆጥተዋል። እሳት ዳር ተቀምጠን ደብዳቤዎን ሳነብላቸው አቋረጡኝ።

«የአጎቴ ልጅ ይዋሻል ነው የምትይው?»

«አይዋሹም። ሰው ሳይዋሽም ይሳሳታል አልኩ።»

«የአያቴን ስም በሰንበቴ ተናግሬ ነበር» አሉና ተነሥተው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ በቀር ብዙ አናወራም። ይህን የምጽፈው እንዲያዝኑልኝ ሳይሆን፣ የሀብተሚካኤል ስም ለእኔም ቀላል እንዳልሆነ እንዲያውቁልኝ ነው።

ፕሮፌሰሩን አስቢበት ብለውኝ ነበር። አስቤበታለሁ። መልሴ ያው ነው።

መርማሪዎቹ እስከ ጥር ጊዜ እንዲጨምሩልኝ ፍኖተ ሰላም ወርጄ፣ ስልክ በሠራበት ቀን አዲስ አበባ ባለች ጓደኛዬ በኩል መልእክት ልኬያለሁ። ፈቅደዋል። ቢደግሙልኝም ባይደግሙልኝም ከእርስዎ የማገኘው ምርቃት አይቅርብኝ።

ያምሮት ደርበው


ሃምቡርግ፣ መስከረም 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለያምሮት

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረሽ። ዘመኑን የምሕረት፣ የመንገድና የመገናኛ ያድርግላችሁ። ለደርበው፣ ለአምለሰት፣ ለቤቱ ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺ።

ዝምታዬ የቁጣ ብቻ አልነበረም። ልንገርሽ።

የመጋቢቱ ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ተናደድኩ። የጻፍኩልሽንም ታውቂዋለሽ። ወረቀቱን ፖስታ ቤት አስገብቼ ስመለስ ግን የአውቶቡሱን ቁጥር ማንበብ አቃተኝ። አዲስ ነገር አይደለም፤ ዓመት አልፎታል። ጎረቤቴን እየጠየቅሁ ነበር የምሳፈረው። ለሰው አልተናገርኩም፤ ቆጣሪ ሰው ዓይኔ ደከመ አይልም። የዚያን ቀን መንገድ ላይ ቆሜ «ስድስት ነው ስምንት?» ብዬ የማላውቀውን ሰው ስጠይቅ፣ በማጉያው ውስጥ ያየሁት ትዝ አለኝ። ጥርሶቹ እርስ በርስ ተደራርበው፣ አንዳንዱ ሁለት ሆኖ ነበር የታየኝ። ያኔ ያሮጌ ዓሣ ነገር ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። የዓይን ሞራ ነው አለኝ፤ በሁለቱም። ቀኙን በሰኔ፣ ግራውን በሐምሌ አወጡልኝ። ማሰሪያው ተፈቶ በመስኮት ሳይ ከማዶ ያለው ሕንፃ ጡብ አንድ በአንድ ይለያል። ለካ ደብዛዛ አገር ውስጥ ነበር የምኖረው። የሐምሌው ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ በራሴ ዓይን፣ ያለ መነጽር አነበብኩት።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወይዘሮ ኬለር ዘንድ ተመለስኩ።

«ድጋሚ ልቆጥር ነው የመጣሁት» አልኳት። «የመጀመሪያውን ይሰርዙት።»

«ምን ተፈጠረ?»

«ዓይን።»

ዓሣውን አወጣች፤ ከንፈሩን ገለጠች። ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ። ቁጥሬን ሳልነግራት ተነሥቼ ወንበሩን ለቀቅሁላት። እሷም አየች። ከዚያ ሁለታችንም በየወረቀታችን ጽፈን ገለጥነው። የእኔም ስምንት፣ የእሷም ስምንት።

ያምሮት ልጄ፣ ዓሣሽ ስም አለው። አንቺ ሳትወለጂ፣ እኔም ሳልወለድ ስም ወጥቶለታል። የሀብተሚካኤልን ስም ልትሰጪው አትችዪም። ከቤተ መዘክሩ ወጥቼ ወደቡ ዳር ተቀመጥኩ። ልጻፍላት ወይስ ልተወው እያልኩ አንድ ሳምንት ፈጀሁ። ዝም ብል ኖሮ ከእኔና ከወይዘሮዋ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ግን እኔ በዓይኔ የደበቅሁትን አንቺ በቡሬ ሆነሽ ከወረቀት ላይ አየሽው። እንዲህ ላለች ልጅ ሐሰት ይላካል?

በእንቁጣጣሽ ዕለት የአገር ልጆች ተሰብስበው ነበር። ተነሣሁና «በየካቲት የነገርኳችሁ ስሕተት ነው። ዓሣው አዲስ አይደለም፤ በአያቴም ስም አይጠራም» አልኩ። አንዱ «ታዲያ ልጅቷ ምን አተረፈች?» ሲል ጠየቀኝ። «የተሰጣትን ስም አልወስድም ያለች ልጅ አለችን፤ እናንተ ቤት አለች?» አልኩት።

የሁለታችንንም ቁጥር ወይዘሮ ኬለር ፈርማበት ከዚህ ጋር አለ። ላስቀየምኩሽ ይቅር በይኝ።

ቢያድግልኝ ዘመኑ


ቡሬ፣ ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ ቢያድግልኝ

ዓይንዎን የመለሰልዎ አምላክ ብዙ የሚያዩበት ዕድሜ ይስጥዎ።

ስምንት የሚለውን ሳነብ ወረቀቱን አጠፍኩና ክፍል ገብቼ አስተማርኩ። ማታ እናቴ «ምን ሆነሻል?» ስትለኝ ነው ያለቀስኩት። ጥቂት ነው ያለቀስኩት። ስሙን ብሰጠው እወድ ነበር፤ አልዋሽዎትም። በማግሥቱ ቅዳሜ ነበርና ጽሑፉን ከመጀመሪያ ጀምሬ እንደገና ጻፍኩት።

ሲጻፍ ከፊተኛው በለጠ። አዲስ ዝርያ አገኘሁ ከማለት ይልቅ፣ ያ መንገደኛው የወሰደው ዓሣ ከናይሉ የተለየ መሆኑን፣ ስሙም ያለ አግባብ እንደተሰረዘ፣ ከጎጃም ወንዞች በተሰበሰቡ ዓሦች አስረዳሁ። አንዱ ቦታውን ሲይዝ ሌሎቹም ተከተሉ። እስከ ዛሬ ስማቸው ተደባልቆ የኖረውን የእኛን ወንዝ ጯሂዎች በሁለት ወገን፣ ቀድሞ ስም በወጣላቸው አምስት ዝርያዎች አስቀመጥኳቸው። እያንዳንዱ የት ወንዝ፣ ከምን ዓይነት ድንጋይ ሥር እንደሚኖር ጽፌያለሁ። ጸሐፊዋ አንድ ሰው ናት።

ትናንት ስልክ ሠርቶ ጓደኛዬ ደወለችልኝ። ተቀብለውታል። አንደኛው መርማሪ «ይህን ቤተሰብ በዚያ አካባቢ የሚያጠና ሁሉ ከዚህ ይጀምራል» ብሎ ጽፏል አለችኝ። ሁለቴ አስነበብኳት።

አባቴ የእርስዎን ደብዳቤ ሰምተዋል። እንቁጣጣሹ ጋ ስደርስ አንገታቸውን ነቀነቁ። ቆይተው «እና ስሙ የሌላ ሰው ሆኖ ቀረ?» አሉኝ። «ቀረ» አልኳቸው። ሰንበቴ ላይ ሰው ሳይጠይቃቸው አይቀርም፤ ምን ብለው እንደመለሱ ግን አልነገሩኝም።

ሰላምዎን ያብዛልኝ።

ያምሮት


ሃምቡርግ፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዶክተር ያምሮት ደርበው

ዶክተር ማለቴ አሁን ስሕተት የለበትም፤ በድፍረት ጻፍኩት። ደስታሽን ያዝልቅልሽ፤ የቤታችሁን ሰው ሁሉ ይባርክ።

ወይዘሮ ኬለር ሐሙስ ዕለት ስልክ ደውላ «ና፣ የምታየው ነገር አለ» አለችኝ። ጽሑፍሽ ታትሞ ደርሷት ነበር። ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታዋለች፤ በእርሳስ አስምራበታለች። ከዚያ ጠርሙሱን አወጣች።

በጠርሙሱ ውስጥ ከዓሣው ጋር ትናንሽ ወረቀቶች አሉ። በእነሱ ልማድ የቀድሞ ሰው የጻፈው አይጣልም፤ የኋለኛው የራሱን ይጨምርበታል። የመጀመሪያው የመንገደኛው ዘመን ነው፤ ቀለሙ ወይቦ ቡናማ ሆኗል። ሁለተኛው ስሙን የሰረዘው ሊቅ የጻፈው ነው። ወይዘሮዋ ሦስተኛ ወረቀት ቆርጣ አልኮል በማያጠፋው ቀለም የዱሮውን ስም መልሳ ጻፈች። ከሥሩ ደግሞ ይህን ዓሣ የለየው ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደሆነ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ።

በላቲን ፊደል «ያ. ደርበው፣ ቡሬ» ይላል።

«የልጅቷ ስም ያምሮት ነው፤ ሙሉውን ጻፊው» አልኳት።

«በእኛ ልማድ የሰውየው ስም በአንድ ፊደል ነው፤ በሙሉ የሚጻፈው የቤተሰቡ ስም ነው።»

«በእኛ አገር እኮ የቤተሰብ ስም የለም። ደርበው አባቷ ነው። ገበሬ ነው፤ በሕይወት አለ።»

ብዕሯን አስቀመጠችና «ታዲያ አባትየው ቅር ይለው ይሆን?» አለችኝ።

አሰብኩበት። «አይመስለኝም» አልኳት። ወረቀቱ ደረቀ፤ በወረንጦ ይዛ ጠርሙሱ ውስጥ አስገባችው። ክዳኑን እኔ ገጠምኩት።

ለደርበው ንገሪው። ቪዛ ለአንቺ ከለከሉ፤ እሱ ግን ገብቷል በይው።

ቢያድግልኝ ዘመኑ


ቡሬ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ ቢያድግልኝ

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰዎ። የፈሰከው ቤት ሁሉ ስምዎን ሲያነሳ ነው የዋለው። ስልኩ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ደኅና ነው፤ ልደውልልዎ እችል ነበር። ይህን ግን በጽሑፍ እንዲያገኙት ፈለግሁ።

ደብዳቤዎን ለአባቴ ያነበብኩላቸው ከእርሻ ተመልሰው እግራቸውን ሲታጠቡ ነው። ወረቀቷ ጋ ስደርስ ውኃውን ማፍሰስ ተዉ።

«የማንን ስም ነው ሙሉውን የጻፉት?»

«የእርስዎን።»

«የእኔን? ደርበው ብለው?»

«ደርበው ብለው።»

«ምን እንደሚመስል ጻፊልኝ።»

በላቲን ፊደል ጽፌ ሰጠኋቸው። ከእጃቸው ሳይለቁት ወደ ደጅ፣ ብርሃን ወዳለበት ወጡ። እናቴና እኔ ተያየን። ቆይተው ከደጅ ሆነው ጠሩኝ።

«አንቺስ የት አለሽ?»

«ከነጥቧ በፊት ያለችው አንዷ ፊደል እኔ ነኝ።»

«ትንሽ ናት» አሉ። እንደገና አዩዋት። «ያንቺን ሥራ ሠርተሽ የእኔን ስም አስጻፍሽ ማለት ነው።»

ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና «ነገ ወንዝ ትወርጃለሽ?» አሉኝ።

«እወርዳለሁ።»

«እንግዲያው ቀስቅሺኝ። ሰው ስሙ ያለበትን ነገር ማወቅ አለበት።»

ጠዋት ከእኔ ቀድመው ተነሥተው ነበር። ፈጣም ጎድሎ ድንጋዩ ወጥቷል። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ገቡ። መረቡን በአንድ ወገን እኔ፣ በሌላው እሳቸው ያዝን። ድንጋይ ሲገለበጥ እንዴት እንደሚመለስ፣ ዓሣው ከንፈሩ ሳይጎዳ እንዴት እንደሚላቀቅ አሳየኋቸው። የመጀመሪያው አመለጣቸው። ሁለተኛውን በመዳፋቸው ይዘው ወደ ፊታቸው አቀረቡት።

«ጥርሱ የታለ?»

ማጉያዬን ሰጠኋቸው። ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው፤ አላጣደፍኳቸውም። ሲጨርሱ ቁጥሩን አልነገሩኝም። ጎንበስ ብለው ዓሣውን ድንጋዩ ላይ መለሱት፤ እስኪጣበቅ ድረስም እጃቸውን አላነሱም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቡሬ ስንመለስ ከሰንበቴው ሰዎች አንዱን መንገድ ላይ አገኘነው። የረጠበ ሱሪያቸውን፣ በትከሻቸው ያለውን መረብ አየ።

«ደርበው፣ ከየት ነው?» አላቸው።

አባቴ መረቡን ወደ ሌላው ትከሻ አዞሩና «ከሥራ። ከልጄ ጋር ሥራ ላይ ነበርን» አሉት።

አክባሪዎ
ያምሮት ደርበው